ሳጥኑ ውስጥ ማን አለ?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰሞኑን ከብዙ ልጆች ተመሳሳይ ጥያቄ በውስጥ መስመር እየደረሰኝ ነው። "ቲቸር፣ ኤአይ ይጽፋል፣ ይስላል፣ ዜማ ያወጣል። እኛ ታዲያ ምን ልንፈጥር ነው የምንማረው?" ጥያቄው የቀልድ አይደለም። አንዳንዶቹ ዲዛይን የሚሠሩ፣ አንዳንዶቹ ትርጉም የሚሠሩ፣ አንዳንዶቹ ገና ዩኒቨርሲቲ ያሉ ናቸው።

እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ስለ ነገ መተንበይ አልችልበትም፤ ወደ ኋላ ማየት ግን እችላለሁ። ይሄ ጥያቄ ከእኛ በፊት የደረሳቸው ሰዎች አሉ፤ የቼዝ ተጫዋቾች። ከማሽን ጋር ተፋጠዋል፣ ተሸንፈዋል፣ ከሽንፈቱ በኋላም ኖረዋል። እስቲ የእነሱን ታሪክ እንየው።

በ1770 ቪየና ውስጥ ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፐለን የተባለ ሰው ለማሪያ ቴሬዛ ቤተ መንግሥት አንድ ጉድ አቀረበ። ትልቅ ሳጥን ነው፤ በላዩ የቼዝ ሰሌዳ፣ ከኋላው ጥምጥም ያደረገ የእንጨት አሻንጉሊት። "ቱርኩ" ይሉታል። መጀመሪያ የሳጥኑ በሮች ይከፈቱና ተመልካቹ ጥርሳም መዘውሮችን ያያል። ከዚያ በሮቹ ይዘጋሉ፤ አሻንጉሊቱ በእንጨት እጁ ጠጠር እያነሳ ይጫወታል። ብዙ ጊዜም ያሸንፋል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ፓሪስ ላይ ገጥሞታል፤ ናፖሊዮንም በ1809 ገጥሞታል። በመጨረሻ አሜሪካ ተሻግሮ በ1854 ፊላዴልፊያ ውስጥ በእሳት ቃጠሎ ጠፋ።

ምስጢሩ ምን መሰላችሁ? ሳጥኑ ውስጥ ሰው ነበር። ጎበዝ የቼዝ ተጫዋች እዚያ ጠባብ ቦታ ተጣጥፎ፣ በሻማ ብርሃን ነበር የሚጫወተው። ማሽን ነው የተባለው ሰው ሆኖ ተገኘ። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ወደ ፊት እንሂድ። እንግሊዛዊው አላን ቱሪንግ የቼዝ ፕሮግራም ጻፈ፤ ችግሩ ፕሮግራሙን የሚያንቀሳቅስ ኮምፒውተር አልነበረውም። ስለዚህ በ1952 ራሱ ማሽን ሆኖ ተጫወተ! የጻፈውን ሕግ በወረቀት እያሰላ፣ ሕጉ ያዘዘውን ብቻ እያንቀሳቀሰ ከአንድ ባልደረባው ጋር ገጠመ። ተሸነፈም። ከሱ ትንሽ ቀደም ብሎ በ1950 አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን ኮምፒውተር ቼዝ እንዴት ሊጫወት እንደሚችል የሚያስረዳ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። በቼዝ ሰሌዳ ላይ ሊካሄዱ የሚችሉትን ጨዋታዎች ብዛት ሲገምት 1 ቁጥር ላይ 120 ዜሮ የሚያስቀጥል ሆነ። ይሄን ሁሉ ቆጥሮ የሚጨርስ ማሽን የለም። ስለዚህ ብዙ ሰው "ማሽን ይቆጥራል እንጂ አያስብም፤ ቼዝ ደግሞ ማሰብ ይጠይቃል" ብሎ ተጽናና።

መጽናኛው እስከ 1997 ቆየ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1996 ፊላዴልፊያ ላይ የዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ የአይ.ቢ.ኤምን ዲፕ ብሉ 4 ለ 2 አሸንፎት ነበር። በግንቦት 1997 ኒውዮርክ ላይ ድጋሚ ተገናኙ። የተሻሻለው ዲፕ ብሉ በሰከንድ 200 ሚሊዮን አሰላለፍ ይመረምራል። የመጀመሪያውን ጨዋታ ካስፓሮቭ አሸነፈ። በሁለተኛው ግን ማሽኑ ያልተጠበቀ ነገር አደረገ። ወታደር ለመብላት ይቸኩላል ተብሎ ሲጠበቅ፣ መብላቱን ትቶ ቀስ ብሎ የተጋጣሚውን መፈናፈኛ ዘጋ። ይሄ የሰው እንጂ የማሽን ጠባይ አይመስልም ነበር። ካስፓሮቭ ተስፋ ቆርጦ ለቀቀ፤ በማግስቱ አቻ የሚያወጣበት መንገድ እንደነበረ ነገሩት። መንፈሱ ተሰበረ። የመጨረሻውን ጨዋታ በ19 እርምጃ ለቀቀና ውድድሩ 3.5 ለ 2.5 አለቀ።

ያኔ ካስፓሮቭ ምን ብሎ ጠረጠረ? ከማሽኑ ጀርባ ሰው አለ ብሎ! በእርግጥ ከ20 ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ አቋሙን አለዝቧል። ግን ነገሩን አስተውሉ። በ1770 ሰዎች ማሽን ነው ብለው ያመኑት ውስጡ ሰው ነበር። በ1997 ሰው አለበት ተብሎ የተጠረጠረው ማሽን ነበር። ጥያቄው ግን በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ማን አለ?

እሺ፣ ከዚያስ? ቼዝ ሞተ?

አልሞተም። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ላይ የሚጫን ፕሮግራም የዓለም ሻምፒዮኑን ያሸንፋል። ሆኖም ቼዝ የሚጫወተው ሰው በዛ እንጂ አልቀነሰም፤ ቼዝ ዶት ኮም ብቻ በታኅሣሥ 2022 መቶ ሚሊዮን አባላት ሞላው። ለምን? ይሄ ለኢትዮጵያዊ ከባድ ጥያቄ አይደለም። ሚኒባስ ከደራርቱ ይፈጥናል፤ ግን በ1992 ባርሴሎና ላይ ያስለቀሰችን ደራርቱ ናት እንጂ ሚኒባስ አይደለም። የምናየው ፍጥነቱን ብቻ አይደለም፤ ሳንባ ያለው፣ የሚደክመው፣ እንደኛ የሆነ ሰው እዚያ መድረሱን ነው።

"እሱስ ይሁን፤ ማሽን ግን አዲስ ነገር መፍጠር ይችላል ወይ?" ትሉ ይሆናል። በቼዝ ሜዳ መልሱ "አዎ" ነው፤ መካድ አያስፈልግም። በ2017 ዲፕማይንድ አልፋዜሮን አወጣ። የሰው ጨዋታ አንድም አላሳዩትም፤ ሕጉን ብቻ ሰጡትና ከራሱ ጋር ተጫውቶ ተማረ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በጊዜው ኃያል ከነበረው ስቶክፊሽ ከተባለው ፕሮግራም ጋር 100 ጨዋታ ገጥሞ 28 አሸነፈ፣ 72 አቻ ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም። የገረመው ደግሞ አጨዋወቱ ነው። ለረጅም ጊዜ ጥቅም ብሎ ጠጠሮቹን በነጻ ይሰጣል፤ ዳር ያለውን ወታደር ወደ ተጋጣሚው ንጉሥ ይነዳል። ማግነስ ካርልሰንን የመሰሉ ታላላቅ ተጫዋቾች ከሱ ተማሩ።

ከዚያ በፊት በ2016 ሴኡል ላይ አልፋጎ ጎ በሚባለው የእስያ ጨዋታ ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 አሸንፎ ነበር። በሁለተኛው ጨዋታ ማሽኑ በ37ኛው እርምጃ ያደረገውን ሰው አያደርገውም ተባለ። በአራተኛው ግን ሊ ሴዶል በ78ኛው እርምጃ ማሽኑን ግራ የሚያጋባ ነገር አገኘና አሸነፈ። ማሽኑ ሰውየውን ገፍቶ ገፍቶ ከራሱ የማያውቀውን ነገር አወጣበት። ታሪኩ እዚያ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር። ግን ሊ ሴዶል በ2019 ጨዋታውን ተወ፤ አንዱ ምክንያቱ ሊሸነፍ የማይችል ነገር መኖሩ እንደሆነም ተናገረ። እሱን ፈሪ ማለት አልችልም። ዕድሜውን የሰጠለት ነገር ትርጉም ሲያጣበት ታይቶታል። የልጆቹ ጥያቄም ውስጥ ያለው ይሄው ስሜት ነው።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ልመለስ፤ ምክንያቱም አያቶቻችን ለዚህ ነገር መልስ የነበራቸው ይመስለኛል። ዛሬ "ሰንጠረዥ" ስንል ትዝ የሚለን የክፍለ ጊዜ ሰንጠረዥ ነው። ቃሉ ግን የኢትዮጵያ ቼዝ ስም ነው። ዓፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለዚህ ጨዋታ ታሪክና ሕግ ጽሑፍ አሳትመዋል። የኛ ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም የሚለየው "ወረራ" በሚባለው አጀማመሩ ነው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን አጨራረሱ ነው። በሰንጠረዥ ንጉሥን መያዝ ብቻውን አያስመሰግንም፤ በምን ያዝከው ይባላል። በጠንካራ ጠጠር፣ ለምሳሌ በፈረስ መጨረስ ያው ማሸነፍ ነው፤ ግን ውበት የለውም። የሚያስመሰግነው በደካሞቹ፣ በዝሆኑ (የያኔው ዝሆን ደካማ ነበር) ወይም በተራ ወታደር መጨረስ ነው። ማለትም ጨዋታው ሁለት ጥያቄ አለው፤ አሸነፍክ ወይ? እንዴት አሸነፍክ? ማሽን የወሰደብን የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው። ሁለተኛው እኛ እስከጠየቅነው ድረስ የእኛ ነው።

ግን ሐቁን እንናገር፤ ቼዝ ሁሉን አይመልስም። ቼዝን የሚያይ ሰው ተጫዋቹን ፈልጎ ነው የሚመጣው። ባነር የሚያሠራ ነጋዴ ግን ዲዛይኑን ማን እንደሠራው አይጠይቅም፤ ዋጋውንና የሚደርስበትን ቀን ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ "ችግር የለም፣ ቼዝም አልሞተም" ብዬ አላታልላችሁም። እንጀራው የሚነካበት ሰው ይኖራል።

ሌላም ልዩነት አለ። አልፋዜሮ ከራሱ ጋር ተጫውቶ መማር የቻለው ቼዝ ሕግና መጨረሻ ስላለው ነው። ግጥም የሚያሸንፈው መቼ ነው? ቀልድ ማት የሚሆነው የት ላይ ነው? የሚጽፈው ማሽን የተማረው ሰዎች ከጻፉት ነው። በአማርኛ ኢንተርኔት ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ከእንግሊዝኛው አንጻር ኢምንት ነው። እኛ ያልጻፍነውን፣ እናቶቻችን የሚያውቁትን ግን ማንም ያልመዘገበውን እሱም አያውቀውም።

ይሄን ክፍል ውስጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስለ ዓድዋ የቤት ሥራ ስሰጥ ወንድም የሆኑ ወረቀቶች ይመጡልኛል፤ ቋንቋው የተወለወለ፣ ስህተት የሌለው፣ ማንም የማይኖርበት ቤት የመሰለ። ቱርኩ ተገልብጦ መጣ ማለት ነው፤ ላዩ ላይ የልጁ ስም አለ፣ ውስጡ ግን ሰው የለም። አንዴ ግን "ስለ ደርግ ጊዜ የቀበሌ ሱቅ አንድ ትልቅ ሰው ጠይቃችሁ ጻፉ" አልኩ። አንዷ ልጅ በተሰባበረ ሰዋስው የአያቷን ታሪክ ይዛ መጣች። አያቷ ለስኳር ሌሊት ወጥተው ወረፋቸውን በድንጋይ ይይዙ ነበር፤ ድንጋያቸው እንዳይለወጥ ቀይ ክር ያስሩበት ነበር። ያቺን ቀይ ክር የትኛው ማሽን ያመጣታል? በሰንጠረዥ ቋንቋ፣ ልጅቷ በወታደር ነው ማት ያደረገችኝ።

በታኅሣሥ 2024 የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን የሆነው ሕንዳዊው ጉኬሽ ያኔ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። የተወለደው ካስፓሮቭ ከተሸነፈ 9 ዓመት በኋላ ነው። የልጅነት አሰልጣኙ ግን ግራንድማስተር እስኪሆን አካባቢ ድረስ ከቼዝ ፕሮግራሞች አርቆ ነው ያሳደገው፤ መጀመሪያ በራሱ ጭንቅላት እንዲያስብ። ማሽኑን በኋላ ተጠቀመበት። ለእናንተም የምላችሁ ይሄንኑ ነው። ማሽኑን ተጠቀሙበት፣ አትፍሩት። ግን መጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ እናንተ ግቡ። የራሱ ሐሳብ የሌለው ሰው ማሽን ሲያገኝ የሚያበዛው ባዶውን ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ላብቃ። ከእናንተ መካከል አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ያየ፣ ወይም የሰማ አለ? የጠጠሮቹን ስም፣ የጨርቁን ቀለም፣ ሲያሸንፉ የሚሉትን ነገር የሚያስታውስ ሰው ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ ጠይቁትና ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ፊደል ቢሳሳት ግድ የለም፤ እንደሰማችሁት ጻፉት። እኔ እየሰበሰብኩ ነው።