ሐሳብና ሒሳብ በባሕረ ሐሳብ ትምህርት

በግዕዝ «ሐሰበ» የሚለው ግስ ማሰብንም መቁጠርንም ያመለክታል። ዛሬ በአማርኛ ተለይተው የሚነገሩት «ሐሳብ» እና «ሒሳብ» የዚሁ ሥር ዘመዶች ናቸው። የጥንት ሊቃውንትም የዘመን ቀመሩን ትምህርት «ባሕረ ሐሳብ» ብለው ሲሰይሙት የቁጥር ባሕር ማለታቸው ነበር። ይህ ትምህርት ብዙ ጽሕፈት ሳያስፈልገው፣ በተሰበሰበ ልቡና እንዲሠራ የተቃና በመሆኑ የቴክኒክ ባለሙያውን ትኩረት የሚስብ ነው።

የግዕዝ አኃዞች ከግሪክ የፊደል ቁጥሮች የተገኙ ሲሆኑ፣ በ4ኛው ምእት ዓመት በንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ይታያሉ። ብዛታቸው 20 ነው፤ ይኸውም ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ፣ ከ፲ እስከ ፺ ዘጠኝ፣ እንዲሁም ፻ እና ፼ ናቸው። የዜሮ ምልክት የላቸውም፤ የአንዱም አኃዝ ዋጋ ቦታው በመለወጡ አሥር እጥፍ አይሆንም። ስለሆነም 2008ን ፳፻፰ ብሎ መመዝገብ ቀላል ቢሆንም፣ በእነዚሁ አኃዞች በአምድ ደርድሮ ማባዛትና ማካፈል አይመችም። የስሌቱ ሸክም የሚወድቀው በአእምሮ ላይ ነበር።

የሚሰላውም ነገር ቀላል አልነበረም። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ሲሆን 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ያህል ናቸው፤ ልዩነቱ 11 ቀን ነው። የአቴናው ሜቶን በ432 ዓመተ ዓለም ቅድመ ልደተ ክርስቶስ 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር እንደሚገጥሙ አሳወቀ። የእስክንድርያ ሊቃውንት ይህን ዑደት ለትንሣኤ በዓል ስሌት አዋሉት፤ ኢትዮጵያም ከእነርሱ ተቀበለች።

ለምሳሌ 2000 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7500 ይሆናል። ይህም በ19 ሲገደፍ 14 ይተርፋል፤ ያልተፈጸመው ዓመት ስለማይቆጠር 1 ተቀንሶ ወንበሩ 13 ነው። 13 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 23፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 7 ይሆናል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚያንስ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 7 ቀን ይውላል። ዕለቱ ሐሙስ ስለነበረ ተውሳኩ 3 ነው፤ ድምሩ 10 መባጃ ሐመር ይባላል። በዚህም መሠረት ጾመ ነነዌ የካቲት 10 ገባ፤ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመርበትም በዓሉ ሚያዝያ 19 ዋለ።

የዚህ አሠራር ጥበብ በሁለት ነገር ይገለጣል። አንደኛ፣ ትልቁ ቁጥር ገና በመጀመሪያው እርምጃ ስለሚገደፍ፣ ከዚያ በኋላ በልብ የሚያዙት ቁጥሮች ጥቂቶችና ትንንሾች ናቸው። ሁለተኛ፣ 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ፣ አበቅቴና መጥቅዕም በየዓመቱ ተደምረው 30 መሆን አለባቸው። ካልሆኑ አስሊው መሳሳቱን ወዲያው ያውቃል። አንዲት ስሕተት የሕዝብን ጾምና በዓል የምታናጋ በመሆኗ፣ ይህ ማረጋገጫ ታላቅ ዋጋ ነበረው። የዜሮ ምልክት ባይኖርም «አልቦ» የሚለው ቃል ያገለግላል፤ በ2006 ዓ.ም. አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ 30 ነበር።

የሒሳብ ታሪክ ተመራማሪው ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የጥንቱ የእስክንድርያ ስሌት በኢትዮጵያ ጽሑፎች ተጠብቆ መኖሩን አስረድቷል። ዛሬ ውጤቱን ከታተመ የቀን መቁጠሪያ ማንበብ ይቻላል። ሆኖም 11 እና 19 ስለምን እንደተመረጡ የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ የታተመው ቀን ቢሳሳት የሚያርመው አይገኝም።