ክራንቻ የሌለው አፍ፦ የግግ ማስወጣት ታሪክ ከጎንደር ቆላ እስከ ሱዳን

መተማ በታሪክ ጎልታ የምትታወሰው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. በወደቁበት ጦርነት ሲሆን፣ የጤና ባለሙያ ደግሞ ይህን ቆላ በወባና በካላዛር ያውቀዋል። ከጎንደር ተነሥተው በምዕራብ በኩል ወደ ሱዳን የተሻገሩ ሰዎች በአፋቸው ውስጥ ይዘውት የሄዱት ታሪክ ግን እምብዛም አልተወሳም።

በ1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ ከሱዳን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ ከጎንደርና ከአጎራባች ገጠሮች በእግር ተጉዘው በገዳሪፍ አካባቢ መጠለያዎች የደረሱ ነበሩ። በጉዞውና በመጠለያው ወደ 4,000 ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። የቋራ ወገኖቻቸው የተከተሏቸው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከኢትዮጵያ የሄዱ ሕፃናትን አፍ የመረመሩት የጥርስ ሐኪሞች ጊዴዎን ሆላንና ኤሊኤዘር ማምበር እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት የወተት ክራንቻዎች ገና ሳይበቅሉ ተነቅለው መጥፋታቸውንና በአጠገባቸው ባሉት ጥርሶችም ላይ ጉድለት መታየቱን ገለጹ። ምክንያቱ ለጎንደር እናት እንግዳ አይደለም፤ ግግ ነው።

ሕፃኑ ጥቂት ወራት ሲሞላው ተቅማጥ፣ ትኩሳትና ትውከት ይይዘዋል። በዚያው ዕድሜ ያልበቀለው ክራንቻ ድዱን አሳብጦ ነጣ ያደርገዋል። ቤተሰብ ይህን እብጠት የበሽታው ምንጭ፣ አንዳንዴም ትል አድርጎ ስለሚያየው ልማዳዊ አውጪ ባልተቀቀለ ስለት ፈልፍሎ ያወጣዋል። የደም መፍሰስ፣ የደም መመረዝና መንጋጋ ቆልፍ ይከተላሉ፤ ሞትም ያጋጥማል። ተቅማጡ በራሱ ጊዜ ሲቆም ምስጋናው ለአውጪው ይሆናል፤ ሕፃኑ ከሞተም «ዘግይቶ መጣ» ይባላል። እምነቱ ይህን ያህል የጸናው በሁለቱም መንገድ ስለማይሸነፍ ይመስላል። ወባና ተቅማጥ በሚደጋገሙበት ቆላ ደግሞ ምክንያት አያጣም።

ድርጊቱን የአንድ ሕዝብ ጉዳይ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ዴንማርካዊው ፒንድቦርግ እ.ኤ.አ. በ1969 በዩጋንዳ ተመሳሳይ የጥርስ ጉዳት ጽፏል። ራስሙሰን፣ አልሐሰንና ሮዳል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 በሱዳን በዚሁ ልማድ የተነሣ በወተት ክራንቻ ሽፋን ላይ የሚደርስ ጉድለትን አሳይተዋል። በሱዳን ልማዱ ሀይፋት ይባላል።

ጉዳቱ በወተት ጥርስ ብቻ ቢቀር ነገሩ በቀለለ ነበር። የቋሚው ክራንቻ ዘውድ መጠንከር የሚጀምረው በአራትና በአምስት ወር ገደማ፣ ማለትም ስለቱ በሚገባበት ዕድሜ ሲሆን፣ ጽንሱም የሚገኘው ከወተቱ ክራንቻ አጠገብ ነው። ስለሆነም ቋሚው ጥርስ ሊጠፋ፣ ተበላሽቶ ሊወጣ ወይም ከቦታው ሊሸሽ ይችላል፤ የቀሩትም ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ። በአምስት ወሩ የተወጋ ሕፃን ዋጋውን የሚከፍለው በጉርምስናው ነው። ሥጋ መንጨት ይቸግረዋል፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።

የእስራኤሉ ጥናት በታተመበት በዚያው 1994 ስሌድና ስፔንሰር የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የአፍ ጤና በሰው ኑሮ ላይ ያለውን ጫና የሚለካ 49 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አወጡ። መጠይቁ ስለ ሕመም ብቻ ሳይሆን ስለ ማኘክ፣ ስለ ንግግርና ስለ እፍረትም ይጠይቃል። የተነቀለው ክራንቻ በእነዚህ ሁሉ ሥር መልስ አለው።

በአገራችን ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን የሚታገል ብሔራዊ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1987 ተቋቁሞ ግግ ማስወጣትንና እንጥል መቁረጥን ከሚታገላቸው ድርጊቶች መካከል ቆጠረ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ወንጀል አድርጓል። ይሁንና ሌሊት የሚያቃጥል ሕፃን የታቀፈች እናት የምትፈራው ሕግን ሳይሆን ሞትን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ በጤና ኬላ የሚገኘው የሕይወት አድን ንጥረ ነገርና የወባ ምርመራ አማራጭ ሰጣት። እብጠቱ ወደፊት የሚበቅል ጥርስ መሆኑን በጣት እየዳሰሱ ማሳየት ግን አሁንም የባለሙያው ሥራ ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ በርካታ ቤተሰቦች በመተማ በኩል ገብተዋል። በድንበሩ ላይ የሕፃን ድድ የሚመረምር ባለሙያ «ግግ አስወጥታችኋል?» ብሎ ቢጠይቅ ከማዶ የመጣችው እናት «አይ» ትለው ይሆናል፤ እርሷ የምታውቀው ሀይፋትን ነው።