ማኅደረ ባሕር፤ ስለ ስሙና ስለ ወጪው

የባሕርን ውኃ ከዓሣዎቹ፣ ከዓለቱና በዓይን ከማይታዩት ረቂቅ ተሕዋስያን ጋር በመስታወት ገንዳ አድርጎ በቤት ውስጥ ማኖር በብዙ አገር ዘንድ የታወቀ ጥበብ ሲሆን፣ ገንዳውን ባለሙያዎቹ «ማሪን አኳሪየም» ብለው ይጠሩታል። «የዓሣ ገንዳ» የሚለው የአማርኛ ስም ለወንዝና ለሐይቅ ዓሣ ማኖሪያ የሚስማማውን ያህል ለባሕሩ ስለማይስማማ፣ በእርሱ ፈንታ «ማኅደረ ባሕር» የሚለውን ስም አቀርባለሁ። ማኅደር «ኀደረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን ማደሪያ ማለት ነው፤ ዳዊት የሚከተትበትን የቆዳ ማኅደር የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቃሉ መያዣንም መኖሪያንም በአንድነት እንደሚያሰማ ያስተውላል። በስሙ ውስጥ ዓሣ ያልገባው ታስቦበት ነው፤ ይህን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያቋቁም ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ የሚከፍለው ለባሕሩ እንደ ሆነ ካልተረዳ፣ ዓሣውንም ገንዘቡንም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያጣልና።

አኳሪየም የሚለው ስም በሮማይስጥ ከብት ውኃ የሚጠጣበትን ስፍራ ያመለክት ነበር፤ ዛሬ በሚታወቅበት ትርጓሜ ያስፋፋው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ፍጥረት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ከእርሱም ቀደም ብሎ፣ በ1846፣ የዌስትሚንስተር አቢ ምክትል አስተዳዳሪ ባለቤት የነበሩት እመቤት አና ቲን ከባሕር ዳር ያመጧቸውን ኮራሎች በለንደን ከተማ በሕይወት ለማቆየት በቅተዋል፤ ለዚህም አገልጋያቸው በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ ውኃውን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ደጋግማ እያንቆረቆረች አየር ታስገባበት ነበር። ዛሬ በፓምፕ የምንሠራው ሥራ ከዚያች አገልጋይ ሥራ የተለየ አይደለም። የጎስ መጽሐፍ በሕዝቡ ላይ ያሳደረው ፍቅር ግን ሰብሳቢውን ሁሉ ወደ ባሕር ዳር ስላወጣው፣ በእንግሊዝ ዳርቻ በዓለት መካከል የነበሩት ያማሩ ኩሬዎች ተራቆቱ፤ ልጁ ኤድመንድ ጎስ በ1907 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ጥፋት በኀዘን ጽፎታል።

ወደ ጠባየ ውኃው ስንመለስ፣ ውቅያኖስ በስፋቱ የሚሸከመውን እድፍ ጥቂት ሊትር ውኃ ሊሸከመው እንደማይችል ማወቅ የነገሩ ሁሉ መሠረት ነው። ዓሣው የሚያስወጣውና ከምግቡ የተረፈው ሲበሰብስ አሞኒያ የተባለ መርዝ ይሆናል፤ ይህንን መርዝ አንዱ ወገን ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ናይትሬትም በመጠኑ ቢገኝ ዓሣ የሚታገሠው ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን ከመስታወቱ ጋር ተገዝተው የሚመጡ ሳይሆኑ በዓለቱና በአሸዋው ላይ ቀስ በቀስ የሚበዙ በመሆናቸው፣ ገንዳው አራት፣ አምስት፣ አንዳንድ ጊዜም ስድስት ሳምንት ያህል ዓሣ ሳይገባበት፣ ጥቂት አሞኒያ እየተጨመረበትና ውኃው እየተመረመረ መቆየት አለበት። ባለሙያዎቹ ይህንን «ሳይክል ማድረግ» ሲሉት፣ እኔ «ማጽናት» እለዋለሁ፤ አሞኒያውም ናይትራይቱም ተመርምረው ምንም በማይገኙበትና ናይትሬት ብቻ በሚታይበት ጊዜ ውኃው ጸና ይባላል። ባዶ ውኃ እያዩ ስድስት ሳምንት መቀመጥ ለልጆችም ለአዋቂዎችም ከባድ ቢሆን እንኳ፣ ከዚህ ጊዜ የሚቀነስ እያንዳንዱ ሳምንት በዓሣ ነፍስ የሚከፈል ነው።

ለባክቴሪያዎቹ ከሁሉ የሚሻለው ማደሪያ ከጥንት ኮራል አጽም የሆነው፣ ቀዳዳው የበዛ ዓለት ሲሆን፣ ከነተሕዋስያኑ ከባሕር ከወጣ «ላይቭ ሮክ»፣ በእኛም «ሕያው ዓለት» ሊባል ይችላል። በኢንዶኔዢያ ይኖር የነበረው ሊ ቺን ኤንግ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሕያው ዓለትና የባሕር ውኃ ከጥቂት የአየር አረፋ ጋር ሆነው ያለ ብዙ መሣሪያ ዓሣንም ኮራልንም ሊያኖሩ እንደሚችሉ አስረዳ፤ ኋላም በበርሊን የነበሩ የዚህ ጥበብ ወዳጆች በዓለቱ ላይ «ፕሮቲን ስኪመር» የተባለውን መሣሪያ ጨመሩበት። ይህ መሣሪያ አረፋ ለቃሚ ቢባል ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል፤ እጅግ ረቂቅ የሆነ የአየር አረፋ በጨዋማው ውኃ ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ የእድፉ ቅንጣት ከአረፋው ገጽ ጋር ይጣበቅና ከላይ ባለው ጽዋ ይጠራቀማል፤ ስለዚህም እድፉ በስብሶ አሞኒያ ከመሆኑ አስቀድሞ ከውኃው ይወጣል። ዛሬ ደረቅ ዓለት ከሕያው ዓለት በረከሰ ዋጋ ይገኛል፤ ውኃውን ለማጽናት የሚፈጀው ጊዜ ቢረዝምም፣ ያልተፈለገ ተባይ ስለማያመጣና የባሕሩን ወለል ስለማያራቁት ለጀማሪ እርሱን እመርጥለታለሁ።

ስለ ገንዳው መጠን ብዙ ሰው የሚያስበው ትንሹ ርካሽና ቀላል እንደሚሆን ነው፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ውኃ በትነት ሲቀንስ ጨው አብሮ ስለማይተን፣ የቀረው ውኃ ጨዋማነት እየበረታ ይሄዳል፤ የባሕር ውኃ ጨው በአንድ ሺህ 35 እጅ ነውና፣ ከ40 ሊትር ገንዳ 2 ሊትር ቢተን መጠኑ ወደ 37 ሲጠጋ፣ ከ200 ሊትር ገንዳ ግን የዚያ እጥፍ፣ ማለት 4 ሊትር ቢተን እንኳ 36 አይሞላም። ብዙዎቹ የባሕር ፍጥረታት እንዲህ ያለውን መለዋወጥ በዘመናቸው ሁሉ ስለማያውቁት ትንሹ ገንዳ አንድ ቀን መዘንጋትን ይቅር አይልም። ስለዚህ ጀማሪው ከ150 እስከ 200 ሊትር በሚይዘው ቢጀምር መልካም ነው፤ 200 ሊትር የባሕር ውኃ ብቻውን ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ግን፣ ማስቀመጫው ጠረጴዛ ለዚሁ ተብሎ የተሠራና ወለሉም የተስተካከለ ሊሆን ይገባዋል። የተነነውም የሚተካው በጨዋማ ውኃ ሳይሆን በንጹሕ ጨው አልባ ውኃ ነው።

እንግዲህ ገንዘቡን ስለ መደልደል ብንናገር፣ የእኔ ምክር በእጅ ያለውን ከሦስት ከፍሎ፣ አንዱን እጅ ለገንዳው፣ ለማስቀመጫውና ለመብራቱ፣ ሁለተኛውን ለዓለቱ፣ ለአረፋ ለቃሚው፣ ለፓምፑ፣ ለማሞቂያው፣ ለውኃ ማጣሪያውና ለመመርመሪያው፣ ሦስተኛውን ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት ወጪ ሳይነኩ ማስቀመጥ ነው። ገንዳውን ያገለገለ መግዛት ወጪን ይቀንሳል፤ አስቀድሞ መዳብ ያለበት መድኃኒት ተጨምሮበት እንደ ነበረ መጠየቅ ግን ግድ ነው፤ መዳብ አከርካሪ የሌላቸውን የባሕር ፍጥረታት ይፈጃልና። ሊቆጠብበት የማይገባው የጨው መለኪያው ሪፍራክቶሜትር ነው፤ ዋጋው ከአንድ ዓሣ ዋጋ ብዙ የማይርቅ ሆኖ ሳለ፣ የዓሣውን ሁሉ ሕይወት የሚጠብቅ እርሱ ነውና። የቧንቧ ውኃም ክሎሪንና ሌላ ሌላም ነገር ስለሚኖርበት፣ በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ሳያልፍ ጨው ሊበጠበጥበት አይገባም።

ጨው ራሱ የማያቋርጥ ወጪ ነው። ገንዳው 150 ሊትር ቢይዝና በየሳምንቱ ከዐሥር አንድ እጁ ቢለወጥ 15 ሊትር አዲስ ውኃ ይፈለጋል፤ ለአንድ ሊትር 36 ግራም ያህል ጨው ሲታሰብ ለሳምንት 540 ግራም፣ ለዓመትም 28 ኪሎ ይሆናል። ይህም ለገበታ የምንጠቀምበት ጨው ሳይሆን ካልሲየምና ማግኒዥየም ያሉበት ለዚሁ የተዘጋጀ ጨው ነው።

መብራትን በሚመለከት፣ ለዓሣና ለዓለት ብቻ የሚሆነው ቀላል ነው፤ ኮራል ግን በሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ፣ በብርሃን ምግብ ከሚሠሩ ረቂቃን ጋር ተባብሮ የሚኖር ፍጥረት በመሆኑ ብርቱና ውድ መብራት ይሻል። ስለዚህ ኮራሉን ለሁለተኛው ዓመት ማቆየት አይከፋም። የመጀመሪያዎቹ ዓሣዎች በማርቢያ የተወለዱ ጥንድ ክላውን ዓሣዎች ቢሆኑ እወዳለሁ፤ በአሜሪካ አንዱ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዶላር ይሸጣል፤ ከባሕር በሲያናይድ ተደንዝዘው ከሚያዙት ይልቅም ጤናማ ናቸው። ሰማያዊው ታንግ በመልኩ ልብን ቢስብም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ በዚህ መጠን ገንዳ ማስገባቱ ግፍ ነው።

በደጋ ለሚኖር አንባቢ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ ውኃም የሚይዘው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል፤ የሞቀና ጨዋማ የሆነ ውኃ ደግሞ ዱሮም ከቀዝቃዛው ጨው አልባ ውኃ ያነሰ ኦክሲጅን የሚይዝ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ የሚቋቋም ማኅደረ ባሕር ዓሣው ያነሰ፣ የውኃውም ገጽ በፓምፕ አብዝቶ የሚናወጥ ሊሆን ይገባዋል፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕም ሁለተኛው ዓሣ ከመገዛቱ አስቀድሞ መገዛት አለበት።