የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

«ቤተ መጻሕፍት» የሚለው ስም ስለ ቤቱና ስለ መጻሕፍቱ ይነግረናል፤ ስለ ሰዎቹ ግን ምንም አይልም። ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል፣ በአገራችን የቤተ መጻሕፍት ነገር በተነሣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ሕንፃው ስፋትና ስለ ጥራዙ ብዛት የሚሆነው። ሪባን ይቆረጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚያነብበት፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ያቋቋመው የሄደ ቀንም ቁልፉ በማን እጅ እንደሚቀር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ታሪካችንን ጥቂት ላገላብጥ፣ በመጨረሻም ወደ ምዕራብ ጠረፍ፣ ወደ ሸርቆሌ ልወርድ አስቤአለሁ። ሸርቆሌ የስደተኞች ጣቢያ ነውና «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እንደዚያ የሚጎላበት ቦታ ብዙ የለም።

ከመቅደላ እንጀምር። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደርና ከሌሎችም አድባራት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት አሰባስበው ነበር። አሳባቸው ታላቅ ነበር። ይሁንና ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በወደቁ ጊዜ ስብስቡም አብሯቸው ወደቀ። የእንግሊዝ ጦር ምርኮውን በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ከአምባው ወረደ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምዝ 350 ያህል ጥራዞች መርጦ ወሰደ፤ ከቀሩት ብዙዎቹ በመንገድ ላይ ለነበሩ አብያተ ክርስቲያናት ተሰጡ። የዘረፋው በደል ለክርክር የሚቀርብ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገርም አለ። እነዚያ መጻሕፍት ጎንደር ሳሉ እያንዳንዳቸው ደብር ነበራቸው፤ የሚቀድስባቸው ካህን፣ የሚማርባቸው ተማሪ፣ የሚቆጥራቸው ዕቃ ጠባቂ ነበራቸው። መቅደላ ላይ ግን ጠባቂያቸው አንድ ንጉሥ ብቻ ሆነ።

በአንጻሩ በዓድዋ አቅራቢያ ያለውን የአባ ገሪማን ገዳም እንመልከት። በዚያ የሚገኙት ወንጌላት ብራናቸው በካርቦን ሲመረመር እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት ጦር እንዳለፈ፣ ስንት መንግሥት እንደተለዋወጠ አንባቢ ያውቀዋል። መጻሕፍቱ ግን ከገዳሙ አልወጡም። የጠበቃቸው የሕንፃ ጽናት አይመስለኝም። በየገዳማቱ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የሰጪው ስም ይጻፋል፣ የሰረቀውና የፋቀው በውግዘት ይታሰራል። ሰጪው በጸሎት ይታሰባል፣ ተቀባዩ በአደራ ይያዛል፣ መንደሩም የእኔ ነው ይላል። ዛሬ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» የምንለውን ነገር አባቶች ስም ሳያወጡለት ኖረውበታል።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ግብፅ በተቃውሞ ስትናወጥ የአሌክሳንድርያ ወጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ዐዲሱን ቤተ መጻሕፍት ከበቡት፤ ሕንፃውም ሳይነካ ቀረ። በቲምቡክቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ታጣቂዎች ከተማዋን ሲይዙ የመጻሕፍቱ ወራሽ ቤተሰቦችና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ጥንታውያን ጽሑፎችን በብረት ሣጥን እየከተቱ በመኪናና በጀልባ ወደ ባማኮ አሸሹ። በሁለቱም ቦታ መጽሐፉን ያዳነው «የእኔ ነው» ያለ ሰው ነው።

ወደ ዘመናዊው እንለፍ። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ሕዝቡ «ወመዘክር» ብሎ የሚጠራው፣ ለብዙ የከተማ ልጅ የመጀመሪያው የንባብ አዳራሽ ነበር። ከከተማ ውጭ ግን ሕዝብና መጽሐፍ በሰፊው የተገናኙት ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው እያደገ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን ሽልማት አስገኘ። ፊደል የለየው ገበሬ ያነበበውን እንዳይረሳ ተብሎ በየገበሬ ማኅበሩ የንባብ ቤቶች ተከፈቱ። በጎ ሥራ ነበር። ነገር ግን ትእዛዙም መጽሐፉም ከላይ ይመጣ ነበርና፣ መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ከንባብ ቤቶቹ ብዙዎቹ ባለቤት አጡ። ከ15ቱ ቋንቋዎች መካከል በርታ እንዳልነበረበትም ልብ ይሏል፤ ይህን ወደ ሸርቆሌ ስንወርድ እናነሣዋለን።

ከዚያ በኋላ ከመጡት ሙከራዎች ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። አንደኛው የአቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሥራ ነው። አቶ ዮሐንስ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዙት በ19 ዓመታቸው ነው። በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ተሰደው አሜሪካ ገቡ፤ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሲሠሩም ለኢትዮጵያ ልጆች በቋንቋቸው የሚሰጥ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አጡ። ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በሾላ፣ በሚኖሩበት ቤት ምድር ቤት፣ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቆይቶም በሐዋሳ መጽሐፍ የሚያዞር የአህያ ጋሪ ተነሣ። ልጁ እስኪመጣ መጠበቅ ቀርቶ መጽሐፉ ወደ ልጁ ሄደ ማለት ነው። ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በጋሪሳ ለአርብቶ አደሩ በግመል እንዲሁ አድርጋለች።

ሁለተኛው ኮድ-ኢትዮጵያ የተባለው አገር በቀል ድርጅት የተከተለው መንገድ ነው። በገጠር ከተሞች ወደ መቶ የሚጠጉ የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍት ሲቋቋሙ ሸክሙ ለሦስት ተከፈለ። ቦታውና ቤቱ ከአካባቢው፣ የሠራተኛው ደመወዝ ከወረዳው፣ መጽሐፉና ሥልጠናው ከድርጅቱ። እኔ በዚህ አሠራር የምወደው ድርጅቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሄጃውን ማሰቡን ነው። እንግዳ ቤት ሲሠራ ባለቤቱን ካላማከረ፣ ቤቱ ሲያፈስ የሚጠግነው የለም።

አሁን ወደ ሸርቆሌ እንውረድ። ሸርቆሌ የወረዳም የጣቢያም ስም ነው፤ ጣቢያው ግን ያለው ከአሶሳ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሆሞሻ ወረዳ ነው። አገሩ የሼህ ሆጀሌ አገር፣ የወርቅና የሲራራ አገር ነው። በ1890 ዓ.ም. በራስ መኰንን ዘመቻ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ተጠቃለለ፤ ግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል ደግሞ የድንበር መስመር ተሰመረበት። መስመሩ በርታን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ዘመድ ኢትዮጵያዊ፣ ሌላው ሱዳናዊ ተባለ። ስለዚህ በዚያ ጠረፍ «ስደተኛ» እና «ነባር» የሚሉት ቃላት በወረቀት ላይ እንዳሉት የተራራቁ አይደሉም።

የሱዳን ጦርነት ወደዚህ ማንኳኳት የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ከብሉ ናይል የተሰደዱ ኡዱኮች በአሶሳ አቅራቢያ በፆሬ ሰፍረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990 መጀመሪያ ውጊያ አሶሳ ሲደርስ ከዚያም ተሰደዱ። የሸርቆሌ ጣቢያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ሰላም ሲወርድ ብዙዎች ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 በብሉ ናይል ውጊያ ሲያገረሽ ደግሞ ሌሎች መጡ፤ ከሚያዝያ 2023 ወዲህ እንደገና በኩርሙክ በኩል ጎረፉ። ከኮንጎና ከቡሩንዲ የመጡም እዚሁ ተጠልለዋል። በዚህ ላይ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከወሎ መጥተው በአሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ አማርኛ ተናጋሪዎች አሉ።

እንዲህ ላለ ቦታ የሚታሰብ ቤተ መጻሕፍት ምን ይሁን? በእንግሊዝኛ የተጻፈ ትርፍ መጽሐፍ በካርቶን ጭኖ ማራገፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ሰዉ መጽሐፍን ዛሬ አላወቀውም። የበርታ ልጅ በኸልዋ፣ በቁርኣን ትምህርት ቤቱ፣ በእንጨት ሎህ ላይ ጽፎ ሲያጥብ የኖረ ነው። ኡዱክ ቋንቋውን በቻሊ የነበሩ ሚሲዮናውያን በላቲን ፊደል ጽፈውለታል። ጣሊያናዊው የታሪክ ሊቅ አለሳንድሮ ትሪዩልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመውን የቤላ ሻንጉል ታሪክ ሲጽፍ ከአረጋውያን አንደበት ብዙ ቀድቷል። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላም በርታ፣ ጉሙዝና ሺናሻ ወደ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የበርታ-እንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት አሶሳ ላይ ታትሟል። በመሠረተ ትምህርቱ ዘመን ያልተቈጠረው ቋንቋ ዛሬ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ አለው ማለት ነው።

እንግዲህ ሽርክናው የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ በሩን ከመክፈቱ በፊት ወደ ሼሁ፣ ወደ እናቶች፣ ወደ መምህሩ፣ ወደ ስደተኞቹ ኮሚቴ ሄዶ ምን እንዲኖር እንደሚፈልጉ ይጠይቅ። አረጋዊው የሚተርከው ተቀድቶና ተጽፎ በመደርደሪያው ላይ ስሙ ይውጣ፤ ገዳማቱ የሰጪን ስም እንደሚጽፉት ማለት ነው። ዐረብኛው፣ በርታው፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ይቀመጡ። ሰዓቱ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ ለምትመለስ ልጅ የሚመች ይሁን። አስተዳደሩም ከጣቢያውና ከሆሞሻ ነዋሪ እኩል ይውጣጣ። ጥር 2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛው በትምህርት ከዜጋው ጋር እንዲካፈል በር ከፍቷልና፣ የጣቢያው ልጅና የመንደሩ ልጅ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ቢያነቡ ከሕግ ውጭ አይሆንም።

ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ለስደተኞች የሚመጣው የዓለም አቀፍ ርዳታ ክፉኛ ተቀንሷል። ገንዘብ ሲጠፋ ከሁሉ በፊት የሚታጠፈው ምን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ እህልና መድኃኒት እያለ ማንም ስለ መጽሐፍ አይሟገትም። የሚሟገትለት የሚኖረው አስቀድሞ «የእኔ ነው» ያለ ሰው ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ በሸርቆሌም ይሁን በሌላ ቦታ ቤተ መጻሕፍት ሊከፍት ለሚነሣ ሁሉ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። የመጻሕፍቱን ቁጥር አልጠይቀውም። ቁልፉን ከሆሞሻ ለማን፣ ከጣቢያው ደግሞ ለማን ሊሰጥ እንዳሰበ ስሙን ጠርቶ ይንገረኝ።