ከተልባ ዘይት እስከ «ሴራሚክ»፦ የመኪና ቀለምና የማንጸባረቂያዎቹ ታሪክ

የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ የቀለም መንከባከቢያዎቹን መደርደሪያ ብታዩ ጠርሙሶቹ በሙሉ አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ ያበራል። ሻምፑው ያበራል፣ ኮምፓውንዱ ያበራል፣ ፖሊሹ ያበራል፣ ሰሙም ያበራል። ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ታዲያ በትርፍ ሰዓቱ መኪና አጥቦና ወልውሎ ገንዘብ ማግኘት የሚፈልግ ተማሪ የትኛውን ይግዛ?

እኔ ይህን ጥያቄ የምመልሰው በታሪክ ነው። መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ በአንድ ዘመን ለነበረ አንድ ዓይነት ቀለም ተብሎ የተሠራ ነው። ቀለሞቹ ሲቀየሩ ጠርሙሶቹ ከመደርደሪያው አልወረዱም፤ አዲሶቹ መጥተው አጠገባቸው ተደረደሩ እንጂ።

ከተልባ እንጀምር። በጾም የምንጠጣው ተልባ ዘይቱ አንድ ጠባይ አለው፦ አየር ሲያገኘው ይደርቃል። ልብስ ላይ ያለ ውሃ ተንኖ እንደሚደርቀው ግን አይደለም። የዘይቱ ሞለኪውሎች ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዱና እርስ በርሳቸው ተያይዘው ጠጣር ሽፋን ይሆናሉ። የኑግ ዘይት ጠርሙስ አንገቱ አካባቢ ቆይቶ ሲያጣብቅ አይታችሁ ታውቁ የለ? የዚሁ ነገር ታናሽ ወንድም ነው።

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ሠረገላም መኪናም የሚቀባው በዚህ ዓይነት የዘይት ቫርኒሽ ነበር። በብሩሽ ይቀባል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ይፈገፈጋል፣ እንደገና ይቀባል። አንድ መኪና ቀለሙ ብቻ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሊ ከጅቡቲ እየነዳ አዲስ አበባ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት ሲድሊ መኪና የዚያ ዘመን ልጅ ናት። ሄንሪ ፎርድ ይህን ሁሉ ሳምንት መጠበቅ አልቻለም። ሞዴል ቲ እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1925 በጥቁር ብቻ ይመረት የነበረው ሬንጅ መሰል አስፋልት የገባበት ጥቁር ቀለም ርካሽና ጠንካራ ስለነበር ነው፤ በምድጃ ሙቀት እያደረቁም ጊዜ ይቆጥቡ ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የባሩድ መሥሪያ ናይትሮሴሉሎስ በገፍ ያመርት የነበረው የአሜሪካው ዱፖን ኩባንያ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ለኬሚካሉ ሌላ ሥራ ፈለገለት። ናይትሮሴሉሎስን በማሟሟያ አቅጥነው በመርጫ ሲረጩት ማሟሟያው ቶሎ ይተንና ቀለሙ ይደርቃል። «ዱኮ» የተባለው ይህ ቀለም እ.ኤ.አ. በ1923 ኦክላንድ በሚባሉ የጄነራል ሞተርስ መኪኖች ላይ ወጣ። የሳምንታቱ ሥራ ወደ ቀናት፣ ኋላም ወደ ሰዓታት ወረደ። ሰማያዊውም አረንጓዴውም እንደ ጥቁሩ ቶሎ መድረቅ ጀመረ።

ዱኮ ግን አንድ ችግር ነበረበት። ከመርጫው ሲወጣ ደብዛዛ ነው፤ የሚያበራው ሲፈገፈግ ነው። ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ላዩ ቀስ በቀስ ይሞትና እንደ ጠመኔ ዱቄት ያወጣል። ስለዚህ ባለቤቱ በየጊዜው የሞተውን ገጽ በለስላሳ መፈግፈጊያ ማንሳትና ከሥሩ የወጣውን አዲስ ገጽ በሰም መሸፈን ነበረበት። ዱፖን ራሱ ቀለሙን ከሸጠ በኋላ «ቁጥር 7» የሚባል ፖሊሽ ለዚያው ቀለም ሸጧል። ብልህ ነጋዴ! ዛሬ ኮምፓውንድ፣ ፖሊሽና ሰም ብለን በቅደም ተከተል የምንጠቀምባቸው ነገሮች የተለመዱት ያን ጊዜ ነው።

ስለ ሰም ካነሳን፣ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በንብ ሰም ምርት ቀዳሚ ናት። «ታዲያ ለምን የራሳችንን ሰም መኪና ላይ አንቀባም?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይገጥመኛል። መልሱ ሙቀት ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። በመጋቢት ፀሐይ አሶሳ ላይ የቆመ ጥቁር መኪና ኮፈኑ ወደዚያ ሙቀት ይጠጋል፣ ሊያልፈውም ይችላል። ሰሙ ሳይቀልጥ ገና ሲላላ አቧራ ይይዛል። ካርናውባ የሚባለው ሰም ግን የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። የሚገኘው በብራዚል ሰሜን ምሥራቅ ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ነው፤ ዛፉ በዚያ ደረቅ አገር ውሃው እንዳይተንበት ቅጠሉን የሚለብስበት ሰም ነው። ለፀሐይ የተሠራ ሰም ማለት ይህ ነው። የንብ ሰም ማለስለሻ ሆኖ ከካርናውባ ጋር ሲደባለቅ ያገለግላል፤ ብቻውን ግን ለቆላ መኪና አይሆንም።

እግረ መንገዴን፦ የእኛ የጋራዥ አማርኛ ግማሹ ጣልያንኛ ነው። ላቫጆ እጥበት ነው፣ ስቱኮ መድፈኛ ነው፣ ባትላሜራ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው። «ብርጭቆ ወረቀት» እንኳ የጣልያኑ ቃል ቀጥታ ትርጉም ነው። ጣልያኖቹ ቃላቱን ሲያመጡ ከሞያው ጋር ነው፤ ሞያው ደግሞ የዚያ ዘመን ቀለም ሞያ ነበር። «ጠንከር አድርገህ ፈግፍገው» የሚለው የጋራዥ ምክር ለዚያ ቀለም ትክክል ነበር።

ከዚያ ቀለሙ ተቀየረ። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አብዛኞቹ አምራቾች ቀለሙን በሁለት ከፈሉት፦ ከሥር ቀጭን ባለቀለም ንብርብር፣ ከላይ ቀለም የሌለው ጥርት ያለ ሽፋን። ጋራዦች ክሊር ይሉታል። የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚውጡት ኬሚካሎች ያሉት እዚህ ክሊር ውስጥ ነው። ውፍረቱ በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ይቀጥናል። ሻካራ ኮምፓውንድ በማሽን በተጠቀማችሁ ቁጥር ከዚህ ላይ ጥቂት ማይክሮን ትወስዳላችሁ። የተወሰደው አይመለስም። ክሊሩ ሲያልቅ መኪናው ለጥቂት ወራት እያበራ ይቆይና ከዚያ ነጭ ነጠብጣብ እያወጣ መላጥ ይጀምራል። ያኔ መፍትሔው እንደገና ማስቀባት ብቻ ነው።

የአክስቴ ልጅ አሶሳ ውስጥ እየተማረ ቅዳሜና እሁድ መኪና ያጥባል። አንድ ቀን ደውሎ «ነጭ ላንድክሩዘር ፖሊሽ ሳደርግ ጨርቁ ነጭ ሆነ፤ ቀለሙን ላጥኩት እንዴ?» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አልላጠውም። አሶሳ በሽርቆሌ፣ በባምባሲና በጾሬ የስደተኞች መጠለያዎች ምክንያት የእርዳታ ድርጅቶች ነጭ ቶዮታዎች የማይጠፉባት ከተማ ናት። ብዙዎቹ ነጭ ቶዮታዎች ደግሞ ክሊር ከተስፋፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ ባለ አንድ ንብርብር ሆነው ነው የተቀቡት። ጨርቁ ላይ የወጣው የሞተው የላይ ገጽ ነው፤ ልክ እንደ ዱኮው።

ይህ ለሥራው ዋናው ፈተና ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በበሩ ታችኛ ጠርዝ፣ ጥቂት ፖሊሽ በንጹህ ነጭ ጨርቅ ፈግፍጉ። መኪናው ነጭ ከሆነ በጥቁር ጨርቅ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ባለ አንድ ንብርብር ነው፦ የድሮውን መንገድ ይወዳል፣ ፖሊሽና ካርናውባ ያስደስተዋል። ምንም ካልያዘ ክሊር አለው፦ እጃችሁን ሰብስቡ።

የአሶሳ ሌላው ነገር ቀይ አፈሩ ነው። ቅላቱ ከብረት ኦክሳይድ የመጣ ነው፤ ጉዳቱ ግን በብዛት አብሮት ካለው ደቃቅ አሸዋ ነው። ኳርትዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ነው፤ ብርጭቆ ይጭራል፣ ለክሊር አይመለስም። በበጋ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የገባ መኪና ላይ ደረቅ ጨርቅ ማሳረፍ በብርጭቆ ወረቀት ከመፈግፈግ አይለይም። መጀመሪያ ውሃ ብቻ ይፍሰስበት፤ ከዚያ ሁለት ባልዲ፦ አንዱ ለሻምፑ፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቅ። ውሃ በጀሪካን ለሚቀዳ ሰው ሁለት ባልዲ ቅንጦት ይመስላል፤ ግን ከየትኛውም ውድ ጠርሙስ በላይ ቀለም የሚያድነው እሱ ነው።

ኦሞስ? የልብስ ዱቄት ሳሙና ስብ እንዲያስለቅቅ ተብሎ አልካላይን ሆኖ የተሠራ ነው። ሰም ደግሞ ከስብ ወገን ነው። ባለፈው ሳምንት ደንበኛው የከፈለበትን ሰም በዚህ ሳምንት በኦሞ ታወርዱታላችሁ ማለት ነው። ናፍጣ ቀብቶ ማብራት ደግሞ የባሰ ነው፤ እስከ ማታ ያበራል፣ በማግስቱ አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። በማንጎ ዛፍ ጥላ የሚቆሙ መኪኖች ላይ የሚንጠባጠበው ሙጫ በጥፍር አይፋቅ፤ እርጥብ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጥበትና ሲለሰልስ ይነሳ።

አሁን ሁሉም የሚጠይቀኝ «ሴራሚክ ናይን ኤች» ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን 9 ከሞስ መለኪያ ጋር አታምታቱት፤ በዚያኛው 10 አልማዝ ነው። ናይን ኤች የእርሳስ መለኪያ ነው፦ ጠንካራ የሚባለው የስዕል እርሳስ አልጫረውም ማለት ብቻ ነው። የአሶሳ አሸዋ ይጭረዋል። ሲሊካ ላይ የተመሠረተው ይህ ሽፋን እውነት ለመናገር ከሰም በጣም ይቆያል፣ ውሃም ያባርራል። ነገር ግን አቧራ የሌለበት ዝግ ቦታና ፍጹም የጸዳ ገጽ ይፈልጋል። ሜዳ ላይ ለሚሠራ ሰው ገንዘቡን በአቧራ ላይ መቀባት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው፤ እነሱም ክሊር ለባሽ ናቸው። ሞተሩ ተቀየረ እንጂ የማጠቢያው ሕግ ያው ነው።

ለአክስቴ ልጅ የላክሁለት እነዚህን ነው፦ ለመኪና ተብሎ የተሠራ ገለልተኛ ሻምፑ፣ ደርዘን ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ አንድ ደቃቅ ፖሊሽ፣ ለነጮቹ ላንድክሩዘሮች አንድ ጣሳ የካርናውባ ሰም፣ ለባለ ክሊሮቹ ደግሞ ከሰም ትንሽ የሚቆይ ሰው ሠራሽ መሸፈኛ። ሻካራውን ኮምፓውንድ አልላክሁለትም። ባልዲዎቹን እዚያው ገበያ ይገዛል።