የሾፌሩ ሱሪ

ታሪክ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ንጉሥ፣ ጦር ሜዳና ውል ነው። የአውቶቡስ ሾፌር የሱሪ ወገብ የታሪክ ማስረጃ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? ሆኖም ሆኗል፤ ነገሩን ላጫውታችሁ። (ዘመኑን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር በልብ በሽታ በድንገት የሚሞተው ሰው በዛ። ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም ምክንያቱን ፍለጋ ወደ ለንደን ባለፎቅ አውቶቡሶች ዞረ። በያንዳንዱ አውቶቡስ ሁለት ወዝ አደሮች አሉ፤ ሾፌርና ትኬት ቆራጭ። መደባቸው አንድ፣ አሠሪያቸው አንድ። ልዩነቱ ሾፌሩ ቀኑን ተቀምጦ ሲውል፣ ትኬት ቆራጩ ከ500 እስከ 750 ደረጃ መውጣቱ ነው።

ሞሪስና ባልደረቦቹ ወደ 31 ሺህ የሚጠጉ የከተማዋን የትራንስፖርት ሠራተኞች መርምረው ውጤቱን በ1953 አወጡ። የልብ በሽታ ትኬት ቆራጮቹን የሚይዘው ከሾፌሮቹ ባነሰ ቁጥር ነው፤ ቢይዛቸውም ቶሎ የሚገድለው ጥቂቱን ነው። እየዞሩ ደብዳቤ የሚያድሉ የፖስታ ሠራተኞችም ቢሮ ከሚውሉት ጸሐፊዎች የተሻሉ ሆነው ተገኙ።

ሱሪው የመጣው በ1956 ነው። ድርጅቱ የደንብ ልብስ ስለሚሰጥ የሠራተኛው ሁሉ የወገብ ልክ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። መዝገቡ ሲገለጥ የሾፌሮቹ ወገብ ሰፊ ሆነ። ግን ቦርጭ ብቻውን ነገሩን አልፈታውም፤ ወገባቸው እኩል የሆኑት ሲነጻጸሩም በድንገት የሚሞተው ይበልጡን ሾፌሩ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ወንበሩ ነው ያወፈራቸው ወይስ ቀድሞውንም ወፈር ያሉት ናቸው መሪ የጨበጡት? ይህን መዝገብ ብቻ አይመልሰውም፤ ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ማየት ያስፈልጋል። ስለ ልብ ባይሆንም ስለ ስኳር በሽታ ይህንኑ አሜሪካኖች አደረጉት፤ ውጤቱም በ2002 ታተመ። ክብደታቸው የበዛ፣ ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ያለ፣ ግን ገና ያልታመሙ 3,234 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ክፍል ሜትፎርሚን የሚባለውን ክኒን፣ ሌላው መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወሰደ። ሦስተኛው ምግቡን መጠነ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ተንቀሳቀሰ፤ ግቡ ከክብደቱ 7 በመቶ መቀነስ ነበር። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 5.6 ኪሎ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ግድም ሲሆነው፣ መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ከወሰዱት ጋር ሲተያይ፣ በስኳር በሽታ መያዝ በሜትፎርሚን በ31፣ በምግብና በእንቅስቃሴ በ58 በመቶ ቀነሰ።

ልብ በሉ! እነዚያን ሰዎች «ቀንሱ» ብሎ የሸኛቸው የለም። 16 ትምህርት ተሰጥቷቸዋል፤ እያንዳንዱን ቀርቦ የሚከታተል ሰውም ተመድቦለታል።

ይህን የምጽፈው ያለ ነገር አይደለም። አባቴ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ቦርጭ ሲያወጣ ጎረቤቱ «ተመቸህ፣ አማረብህ» አለው። ኋላ አንድ ሐኪም «ቀንስ» ብቻ ብሎ ሸኘው። አባቴ «ሆዳም አደረገኝ እኮ» እያለ አፍሮ ቤት ገባ። የለንደኑን ሱሪ ታሪክ ስነግረው ሳቀና፣ «ታዲያ እኔን ማን ደረጃ ያስወጣኝ?» አለ።

ጥያቄው የአባቴ ብቻ አይደለም፤ እንጀራውን ተቀምጦ የሚበላ ሠራተኛ ሁሉ ጥያቄ ነው። ኀፍረቱን በሰውየው ሆድ ላይ ከመጫናችን በፊት እስቲ ወንበሩን እንመርምር።