ቆርጦ ቀጥሎች፦ የመቀስና የሙጫ ታሪክ

በአማርኛ «ቆርጦ ቀጥል» ስድብ ነው። ከዚህ ወሬ ቆርጦ ከዚያኛው ጋር የሚቀጥል፣ ያልተባለውን እንደተባለ አድርጎ የሚያወራ ሰው መጠሪያ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናወራላችሁ ስለ ሌሎች ቆርጦ ቀጥሎች ነው። እነዚህኞቹ የሚቆርጡት ወረቀት ነው፤ የሚቀጥሉትም በሙጫ። ፎቶ፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ የሲኒማ ቲኬት፣ ፖስት ካርድ፣ የደረቀ አበባ ይሰበስቡና ደብተር ላይ አሳምረው ይለጥፋሉ፣ ከጎኑም ይጽፋሉ። ፈረንጆቹ ስክራፕቡክ ይሉታል። «የሥራ ፈት ጨዋታ!» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። አንቀየማችሁም። ታሪኩን እስክንጨርስ ብቻ ታገሱን። (በሌላ ካልጠቀስን በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከምናውቀው እንጀምር። ስምንተኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲያልቅ አውቶግራፍ ያልሞላ የከተማ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። «የምትወደው ምግብ?» «ወደፊት ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» «ስለ እኔ ያለህ አስተያየት?» ከመልሱ አጠገብ ስቲከር፣ ከፖስት ካርድ ተቆርጦ የወጣ ጽጌረዳ፣ ከመጽሔት የተገነጠለ የተዋናይ ፎቶ። ነገሩ የእኛ ትምህርት ቤቶች ፈጠራ ይመስላል። ግን በ1540ዎቹ የጀርመኗ ዊተንበርግ ተማሪዎችም ትንሽ ደብተር ይዘው መምህራኖቻቸውንና ጓደኞቻቸውን «ጻፉልኝ» ይሉ ነበር። ማርቲን ሉተርና ፊሊፕ ሜላንክተን ሳይቀሩ ፈርመዋል። ደብተሩ በላቲን «የጓደኞች መዝገብ» ይባል ነበር። ከከተማ ከተማ ለሚዞር ተማሪ ትዝታም ነበር፣ «እነማንን እንደማውቅ ተመልከቱ» ማለትም ነበር። የዛሬው ፌስቡክ ያን ያህል አዲስ ነገር እንዳልሆነ ልብ በሉልን።

ከዚያ መቀሱ መጣ። በ1769 ጄምስ ግሬንጀር የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ የአገሩን ታዋቂ ሰዎች ታሪክ አሳተመ። መጽሐፉ ሥዕል አልነበረውም። አንባቢዎቹ ታዲያ ምን አደረጉ? የሰዎቹን ምስል ከሌላ መጽሐፍ እየቆረጡ በዚህኛው ውስጥ ማስገባት ጀመሩ። ልማዱ ፋሽን ሆነ፣ የቄሱም ስም ግስ ሆነ፤ በእንግሊዝኛ መጽሐፍን እንዲህ ማሳመር «መግሬንጀር» ተባለ። በዚህ ምክንያት ስንት መጽሐፍ ሥዕሉን ተነጥቆ እንደቀረ አስቡት።

በዚያው ዘመን ከሁሉም የምንወዳት ቆርጦ ቀጥል ሥራዋን ጀመረች። ሜሪ ዴላኒ ትባላለች። በ1700 የተወለደች እንግሊዛዊት ናት። ባሏ ሞቶባት በሐዘን ላይ ሳለች፣ በ1772፣ በ72 ዓመቷ፣ አበባ ከወረቀት እየቆረጠች ጥቁር ወረቀት ላይ መለጠፍ ያዘች። እያንዳንዱ ቅጠል፣ እያንዳንዷ ዘንግ በቀጫጭን ባለቀለም ወረቀት ተሠርቷል። አንዱን አበባ ለመሥራት ብዙ ጊዜ በመቶ የሚቆጠር ቁራጭ ይገባበታል። ዓይኗ እስኪደክም፣ አሥር ዓመት ያህል ሠራች። 985 አበቦቿ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። በሃያ አምስት ዓመታችሁ «አሁንማ አልፎብኛል» የምትሉ፣ ይህቺን ሴትዮ አስቧት።

ይህን ጥበብ ወደ ክፍል ያስገባው ደግሞ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል ነው። በ1837 ለሕፃናት የከፈተውን ተቋም በ1840 «ኪንደርጋርተን» አለው። እኛ «መዋለ ሕፃናት» የምንለው ማለት ነው። ወረቀት ማጠፍ፣ መቁረጥና እንደ ሰሌን መሸመን ከትምህርቱ ውስጥ ነበሩ። ፍሮቤል ልጅ መጀመሪያ በእጁ ያስባል ባይ ነበር። የፕሩሺያ መንግሥት በ1851 «ልጆቹን ሶሻሊስትና ከሓዲ ያደርጋሉ» ብሎ መዋለ ሕፃናቱን ከለከለ። እገዳው እስከ 1860 ቆየ። ወረቀት የሚያጥፍ ሕፃን መንግሥትን ሲያስፈራ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቀለም ኅትመት ሲረክስ ሱሱ ለሁሉም ደረሰ። ተቆርጦ የተዘጋጀ የአበባና የመልአክ ሥዕል በየሱቁ ይሸጥ ጀመር። ደራሲው ማርክ ትዌይን ራሱ በሙጫ መጨማለቅ ሰልችቶት፣ በ1873 ሙጫው ቀድሞ የተቀባበት፣ ውኃ ነካ አድርገው ብቻ የሚለጥፉበት ደብተር ፈልስፎ የባለቤትነት መብት አወጣበት። ደብተሩም ገበያ ነበረው።

እስካሁን የጨዋታ ታሪክ ይመስላል። አሁን ግን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ያኔ በአሜሪካ ጥቁሮች በነጮቹ ጋዜጣ ላይ የሚወጡት ወይ በወንጀል ነው ወይ ለመሳቂያ። ቤተ መጻሕፍቱና መዝገብ ቤቱም ለእነሱ ታሪክ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ራሳቸው መቀስ አነሱ። ከባርነት አምልጦ ታላቅ ተናጋሪ የሆነው የፍሬድሪክ ዳግላስ ልጆች ስለ አባታቸውና ስለ ትግሉ የተጻፈውን እየቆረጡ በደብተር አስቀመጡ። እነዚያ ደብተሮች ዛሬ የዬል ዩኒቨርሲቲ ሀብት ናቸው።

አሌክሳንደር ጋምቢ የሚባል ሌላ ሰው ነበር፤ በ1885 ተወልዶ በ1961 ያረፈ። ኑሮው አስተናጋጅነትና የቤት አሽከርነት ነበር። ያገኘውን ገንዘብ የሚያፈሰው ግን ለደብተሮቹ ነው። ስለ ጥቁር ሕዝብ የተጻፈ ቁራጭ፣ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የቲያትር ፕሮግራም ሁሉ ሰበሰበ። በ1920ዎቹ በኒው ዮርክ ሃርለም ከፍቶት የነበረው ስቱዲዮ የደራሲያንና የሠዓሊያን መሰብሰቢያ ሆነ። በኋላ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ለዓመታት ሆስፒታል ተኛ፤ ስቱዲዮውንም አጣ። ሲወጣ የቀረውን ሰብስቦ ቀጠለ። በ1950 ከመቶ በላይ ደብተሮቹን ለኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። ዛሬ የሃርለምን ታሪክ የሚያጠና ምሁር የዚያን አስተናጋጅ ሙጫ ሥራ ያገላብጣል። ታዲያ ማን ነው ሥራ ፈቱ?

አንድ ሌላ ነገርም እናንሳ። በ1912 ፒካሶና ብራክ ወረቀትና ጨርቅ ሸራ ላይ ሲለጥፉ ዓለም «ኮላጅ» ብሎ አጨበጨበ፣ አዲስ ጥበብ ተወለደ ተባለ። ዴላኒ ከዚያ 140 ዓመት ቀድማለች። ብዙ እናቶችም በየጠረጴዛቸው ሲሠሩት ኖረዋል። እነሱ ሲሠሩት «የቤት ውስጥ መዝናኛ»፣ ወንድ ሠዓሊ ሲሠራው «አብዮት»! ይህን ነገር የገባት ጀርመናዊቷ ሃና ሆህ ናት። በአንድ አሳታሚ ድርጅት የጥልፍና የዳንቴል ንድፍ ትሠራ ነበር። ጋዜጣና መጽሔት እየቆራረጠች ፖለቲከኞችን የሚቀልድ ትልቅ ሥራ ሠርታ በ1920 በርሊን ስታሳይ፣ በርዕሱ ውስጥ የወጥ ቤት ቢላ አስገባችበት። ሴትየዋ ዝም ብላ አልመረጠችውም።

አሁን ያለው የስክራፕቡክ ንግድ ደግሞ ከአሜሪካዋ ዩታ የመጣ ነው። በ1980 ሶልት ሌክ ሲቲ በተደረገ የዘር ሐረግና የመዛግብት ጉባኤ ላይ ማሪለን ክሪስተንሰን የተባለች እናት የቤተሰቧን ከሃምሳ በላይ ጥራዝ አሳየች። ሰው ሁሉ «እንዴት ሠራሽው?» አላት። በዓመቱ ሱቅ ከፈተች። ሌሎች ተከተሉ፣ ነገሩም ትልቅ ገበያ ሆነ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በእኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪቆላ አልበም ይሰጠዋል። «ይቺ ማን ናት?» «እሷማ አክስቴ ናት፣ አሥመራ እያለች።» ታሪክ የሚተረከው እዚያ ነው። ለእንቁጣጣሽ ልጆች በወረቀት ላይ አበባና መልአክ ሥለው በየቤቱ ያድላሉ። ደብተር በጋዜጣና በካሌንደር ወረቀት መለበድን ማን አስተማረን? ታላቅ እህት፣ ታላቅ ወንድም። ጥበቡ አለን። ማስቀመጡ ላይ ነው የምንሰንፈው።

ችግሩ ቀላል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ሌሎች ሰፈሮች ሲነሱ ብዙ ቤተሰብ ዕቃውን በጥድፊያ ጭኖ ወጥቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፍሪጁ ይጫናል፣ ካርቶን ውስጥ ያለው አልበም ይረሳል። የእኛ የዛሬዎቹ ፎቶ ደግሞ ሞባይል ውስጥ ነው። ሞባይሉ ታክሲ ላይ ሲሰረቅ የአምስት ዓመት ኑሯችን አብሮ ይወርዳል። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራ ከተራ ቤተሰቦች አልበም ፎቶ ሰብስቦ ሲያሳየን የተደነቅነው ለምን ነበር? የከተማችን ታሪክ ቤተ መንግሥት ብቻ ሳይሆን ቁም ሣጥን ውስጥም እንዳለ ስላየን ነው።

እንግዲህ ለመጀመር የሚያስፈልገው መቀስ፣ ወፍራም ወረቀትና ጥቂት ጥንቃቄ ነው። ፎቶውን ከመለጠፋችሁ በፊት ከጀርባው በእርሳስ ስም፣ ቦታና ዓመት ጻፉ። አንድ ብቻ የሆነውን ፎቶ አትቁረጡ፤ ኮፒውን ቁረጡ። ዋናውን በሙጫ አታጣብቁ፤ ከወረቀት ትንንሽ ማዕዘን አጥፋችሁ አራቱን ጫፍ አስገቡበት። ፕላስተር ይቢጫል፣ ምልክቱም አይለቅም። የሚያጣብቅ ገጽና የፕላስቲክ መሸፈኛ ያላቸው አልበሞች ፎቶውን ያበላሹታል። ጋዜጣ በእንጨት አሲድ ምክንያት ቡኒ ሆኖ ይፈረፈራል፤ ስለዚህ በጥሩ ወረቀት ኮፒ አድርጉት።

ለታናናሾቻችሁ ስታስተምሩም ከመቀሱ በፊት ጥያቄውን አስተምሯቸው። ልጁ ፎቶውን ይዞ አያቱ ዘንድ ይሂድና «እማማ፣ ይሄ ማን ነው?» ይበል። የነገሩትን በራሳቸው አነጋገር ይጻፍ፣ አጠገቡ ይለጥፍ፣ ጠርዙን እንደፈለገ ያስጊጥ። ጠማማ ቢለጥፍ አትቆጡት፤ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ስም እንዳይሳሳት ብቻ ተጠንቀቁ። ስሙን የሚያውቁት ሰው ሁልጊዜ አይኖሩምና ጥያቄው ለሌላ ቀን ባይቀጠር ይመረጣል።

ቸር እንሰንብት።